ለዲክቴሽን ሲባል የተዘጋ አፍ

ልጄ ሦስተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ዓርብ ዓርብ ዲክቴሽን ይጻፍ ነበር። አስተማሪዋ ቃል ትጠራለች፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ታርሞ ወደ ቤት ይመጣል። የእኔ ልጅ ወረቀት ሲመጣ ከእርሳሱ ጽሑፍ ይልቅ ቀዩ እስክሪብቶ ይበዛበታል። በቀይ ቀለም የምደነግጥ ሴት አይደለሁም። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ ማመልከቻ በመተየብ ነው የምተዳደረው። ስንት ከረባት ያሰረ ሰው ያመጣልኝን ረቂቅ ዝም ብዬ አቃንቼ እንደላክሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ትንሽ ልጅ «ጎተራ» የሚለውን «ጎታራ» ብላ ብትጽፍ ሰማይ አይደፋብኝም። ደሜን ያፈላው ከወረቀቱ ግርጌ በዚያው ቀይ የተጻፈው ማስታወሻ ነው። «ችግሩ ቤት ውስጥ ሀዲይኛ መነገሩ ነው። ወላጅ ያስብበት» ይላል።

ወላጅ አሰበበት። አስቦም ተናደደ። ቤታችን ውስጥ ሀዲይኛ የሚነገረው እኮ ሀዲያ ስለሆንን ነው! ሌላ ምን ሊነገር ኖሯል? እኔ በሀዲይኛ ነው አፌን የፈታሁት፤ ባለቤቴም እንደዚያው። አማርኛን ሁለታችንም ያገኘነው ትምህርት ቤት ነው። ይኸው እኔ እንጀራዬን እበላበታለሁ፣ እሱም ግብርና ቢሮ ውስጥ ሪፖርት ይጽፍበታል። አንዱ ቋንቋ ሌላውን ከቤት አላስወጣብንም። ሁለቱን ይዞ መኖር የሚያቅተው ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ ካለ እስካሁን አላገኘሁትም።

በዚያው ሰሞን የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንገናኝ ሰላምታው ሁሉ በሀዲይኛ ነበር። እንደ ወጋችን የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የታመመውን ዘመድ ሁሉ እየጠየቅን፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ብዙ ቆየን። አዳራሽ ገብተን ወንበር ስንይዝ ግን ሁላችንም አፋችንን ወደ አማርኛ ቀየርን። ዳይሬክተሩ ተነሥቶ የልጆቻችን አጻጻፍ የተበላሸው «በአካባቢው ቋንቋ ተጽዕኖ» እንደሆነ አስረዳ። ሲያስረዳ ያ የአካባቢው ቋንቋ በራሱ አነጋገር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሰማኝ ነበር። ከእሱ ቀጥላ የልጄ አስተማሪ ተነሣች። ወጣት ናት፣ የዚሁ የሀዲያ አገር የፎንቆ ልጅ ናት፣ ትንሽ ቀደም ብሎ በሩ ላይ እኔን በሀዲይኛ ሰላም ብላ ጨብጣኛለች።

«ከዛሬ ጀምሮ ቤታችሁ ውስጥም በአማርኛ ብቻ አውሩ» አለች። «እኛም እዚህ ካርድ ጀምረናል። በአንድ ተርም ውስጥ ለውጡን ታዩታላችሁ።»

ወላጅ ሁሉ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ልጆቹ የሚሳሳቱት ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ስለማያውቁ ቢሆንስ?»

«ለዚህ እኮ ነው አማርኛ ይልመዱ የምንለው፣ እናት።»

«የሚያውቁትን ቋንቋ ዘግተንባቸው በምን ይልመዱት?»

ዳይሬክተሩ ፈገግ ብሎ «እንደ ወላጅ ተባበሩን» አለ። «ተባበሩን» ማለት «ዝም በሉ» ማለት እንደሆነ ማመልከቻ ሲተይብ የኖረ ሰው አይጠፋውም። ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በጆሮዬ «እውነትሽን ነው» አለችኝ፤ በሀዲይኛ፣ በሹክሹክታ።

ካርዱ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ከልጄ ነው። ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ፣ በፕላስተር የተሸፈነ፣ ቀይ ክር የገባለት ነገር ነው። በላዩ ላይ በማርከር «እኔ ሀዲይኛ ተናግሬአለሁ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሀዲይኛ ሲናገር የተሰማ ልጅ አንገቱ ላይ ይጠለቅለታል። ከአንገቱ የሚወርድለት ሌላ ሰው ሲናገር ሰምቶ በዚያኛው አንገት ላይ ሲያጠልቀው ብቻ ነው። የመጨረሻው ደወል ሲደወል ካርዱ እጁ ላይ የቀረ ልጅ ይዞት ወደ ቤት ይሄዳል። በሚቀጥለው የትምህርት ቀን ጠዋት ያንኑ አጥልቆ ሰልፍ ላይ ባንዲራው ሥር ለብቻው ይቆማል። ልጄ «ቤት ውስጥ የተናገረ ሰውስ?» ብላ ጠይቃ «ቤትም ያው ነው» ተብላለች።

እንግዲህ አስቡት። ልጅ የልጅን አፍ እየጠበቀ ይውላል። ጓደኛው ወድቆ ሲያለቅስ «አመመህ?» ብሎ ከማንሣት ይልቅ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያለቅስ ያዳምጣል። ይሄን ያወጣው ሰው ደግሞ ማታ ቤቱ ገብቶ ለልጆቹ ስለ ፍቅር ያስተምራል! የጎረቤቴ ባለሱቅ ልጅ ሳይቀር ካርዱን ለብሷል። አባቱ የጉራጌ ሰው ነው። ለገበያ የመጣን ገበሬ በሀዲይኛ ካላግባባ ሚስማር አይሸጥም፤ ልጁም ቋንቋውን የለቀመው እዚያው ባንኮኒ ሥር እየተጫወተ ነው። «የራሳችን ቋንቋ እንኳ አይደለም፣ በእንግድነትም ተቀጣን!» ብሎ ባለሱቁ ሲስቅ እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ባለቤቴ ግን ካርዱን ወደደው። እሱ ስብሰባ ላይ የተወሰነ ነገር ሁሉ ደስ ይለዋል። እራት ላይ እጁን ታጥቦ ቁጭ አለና «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አማርኛ ብቻ ነው» ብሎ አወጀ። ያወጀው በሀዲይኛ ነው። ሳቅኩበት። አልሳቀም።

«አንቺ ሰው ስቆብሽ አያውቅም» አለኝ በኋላ፣ ለብቻችን ስንሆን። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሥልጠና ሄዶ፣ ተነሥቶ ሐሳብ ሲሰጥ አዳራሹ በአነጋገሩ እንዴት እንደሳቀበት ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አያውቅም። «ልጄ እንደኔ አንገቷን ደፍታ እንድትኖር አልፈልግም» አለ። አዘንኩለት። የእውነት ነው ያዘንኩለት። ግን የሳቁበት እነዚያ ሰዎች ሆነው ሳሉ የሚቀጣው የራሳችን ቤት የሆነበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከካርዱ በላይ ደግሞ ቅጂ አለ። ልጄ የተሳሳተችውን እያንዳንዱን ቃል አንድ ገጽ ሙሉ እየጻፈች እንድትመጣ ታዝዛለች። አንድ ቀን ከሥራ ተመልሼ ከጎኗ ቁጭ አልኩና እንዴት እንደምትጽፍ አየሁ። መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች «ጎ» ብቻ ትደረድራለች። ወደ ላይ ትመለስና ከጎኑ «ተ»ን ትደረድራለች። ከዚያ «ራ»ን። ድንች እንደሚተክል ሰው በመስመር በመስመር ትወርዳለች። ገጹ ሞላ፤ እሷ ግን አንድም ጊዜ «ጎተራ» ብላ አልጻፈችም። እርሳሷን አስቀመጠችና እጇን አራገፈች።

«ጎተራ ምንድን ነው?» አልኳት።

«አላውቅም፣ ዲክቴሽን ነው» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ነው የምሬን የተናደድኩት። የዚህን ሁሉ ጊዜ ልፋት፣ የዚህን ሁሉ ቀይ ቀለም፣ የዚህን ሁሉ ለቅሶ ምክንያት ልጅቷ በአንድ ቃል ነገረችኝ። ቃሉ ለእሷ ቃል አይደለም፤ የሚያስቀጣ ድምፅ ነው። በሩን ዘጋ አደረግኩና በሀዲይኛ «አያትሽ ቤት፣ ገጠር፣ ሀቢቾ፣ ከጓሮ የቆመው፣ የሣር ቆብ ያለው፣ ከአጎትሽ ልጆች ጋር ከኋላው የምትደበቁበት፣ እህል የሚገባበት» አልኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። «እሱ ነው ጎተራ?» አለች። እሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ጎተራን ተሳስታ አታውቅም።

ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ ከተባለ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ቤት አይደለም። ልጄን ከትምህርት ቤት መልስ እያመጣሁ ከወረቀት መቁረጫው ጎን በርጩማ ላይ አስቀምጣት ጀመር። ጥቂት ቃል ብቻ ነው የምንይዘው። መጀመሪያ ስለ ነገሩ በሀዲይኛ እናወራለን፣ እስክትጠግበው። ከዚያ ቃሉን በአማርኛ ቀስ ብዬ እላለሁ፣ እሷ በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች ፊደሎቹን ትለያለች። እጽፍላታለሁ፣ ታየዋለች፣ በእጄ እሸፍነዋለሁ፣ ትጽፋለች፣ እከፍተዋለሁ። ከተሳሳተች ቀይ የለም፤ የቱ ጋ እንደሆነ ራሷ ፈልጋ ታገኘዋለች። ሲሰለቻት ደግሞ ቦታ እንቀያየራለን፤ እሷ ቃል ትጠራለች፣ እኔ እተይባለሁ፣ ሆን ብዬ አበላሻለሁ። «እማ፣ አጠፋሽ!» ብላ ስትጮኽ ማመልከቻ ሊያስተይብ የመጣው ሰው ዘሎ ይነሣል። ወደ ቤት ስንሄድ የሱቅ ማስታወቂያ እናነባለን። ሆሳዕና የተሳሳተ ማስታወቂያ አያጣም፤ እሷ ስታገኝ ወርቅ ያገኘች ያህል ትቦርቃለች። አንዱን ምግብ ቤት ከነባለቤቱ አርመን ልናስለውጠው ምንም አልቀረንም ነበር፤ ሰውዬው «መጀመሪያ ምሳ ብሉ፣ ከዚያ ታርማላችሁ» ብሎ አባረረን።

ቀዩ ቀለም ከዓርብ ዓርብ እየሳሳ መጣ። አንድ ዓርብ ወረቀቷ ንጹሕ ለመሆን ጥቂት ቀረው። ከግርጌው «ጎበዝ! ካርዱ እየሠራ ነው» ይላል።

ካርዱ! ሥራዬን ትቼ፣ ደንበኛ አስቀምጬ፣ ከልጄ ጋር በርጩማ ተጋፍቼ ያገኘሁትን ውጤት የብስኩት ካርቶን ወሰደብኝ! ከሥሩ «ካርዱ አይደለም፣ ሀዲይኛው ነው» ብዬ ጽፌ መለስኩ። መልስ አልመጣም።

የሚያሳዝነው ግን ፊደሏ እየተቃና ሲሄድ አፏ እየተዘጋ መሄዱ ነው። ይህች ልጅ ጎረቤት ሁሉ «ሬዲዮ» ብሎ የሚጠራት ነበረች። አሁን ቤት ስትገባ እርግጠኛ የሆነችባቸውን ቃላት ብቻ ትጠቀማለች፤ «ውሃ»፣ «እሺ»፣ «ጨረስኩ»። አንድ ነገር ልትነግረኝ ትጀምርና ዓይኗ ወደ አባቷ ይሄዳል፣ ከዚያ ትተወዋለች። እሱ «አየሽ፣ ረጋ አለች» ይለኛል። የተረጋጋና የፈራ ልጅ መለየት አቅቶት አይደለም፤ ማየት አልፈለገም እንጂ።

በዚህ መካከል ነው አባቴ ከሀቢቾ የመጡት። ጉልበታቸውን ታመው ለሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ሰነበቱ። ገበሬ ናቸው፣ ፊደል አልቆጠሩም። አማርኛቸው ለገበያ የምትበቃ ናት፤ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ «ተወደደ» ይላሉ፣ በቃ። ለዚህች ልጅ ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ አገር ቤት በሄድን ቁጥር ከጎናቸው አትለይም ነበር። አሁን ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። ሮጣ ጉልበታቸውን ትስማለች።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? ዛሬስ ከማን ጋር ተጣላሽ?» ይሏታል።

ራሷን ትነቀንቃለች። ፈገግ ትላለች። ቦርሳዋን ይዛ ወደ ውስጥ ትገባለች። እሳቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ይቀራሉ።

ከሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ አባቴ ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ልጅቷን ምን አድርጌያት ነው?» አሉኝ። «ባለፈው ስትመጡ ግልገል እሰጥሻለሁ ብያት ሳልሰጣት ቀርቻለሁ። በእሱ ይሆን የተቀየመችኝ?»

ለእኚህ ሰው ምን ብዬ ልንገራቸው? ቋንቋዎ ለልጅቷ ፊደል ጎጂ ነው ተብሏል ልበል? «ፈተና ላይ ናት፣ አባዬ» አልኳቸው።

«ፈተና አፍ ይዘጋል እንዴ?» አሉ።

ያን ዕለት ከባለቤቴ ጋር ተጣላን። እንግዳ እስኪሄድ እንኳ ሕጉን አንሣው ብዬ ለመንኩት። «አሁን ካላላን ከዜሮ ትጀምራለች» አለ። ልጅቷ ከአያቷ ጋር ከዜሮ እየጀመረች መሆኑን ሊሰማኝ አልፈለገም።

ዓርብ መጣ። ልጄ ቤት ስትገባ አያቷን ሳትስም አለፈች፤ ቦርሳዋን እንዳቀፈች አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ደረጃ ላይ ልጆች ገፍተዋት ስትወድቅ በሀዲይኛ «ወይኔ እናቴን!» ብላ ጮኻለች። ካርዱ መጣላት። ሌላ የሚናገር ልጅ ሳታገኝ ደወሉ ተደወለ። ሰኞ ሰልፍ ላይ ባንዲራው ሥር እሷ ናት የምትቆመው። «የወደቅኩት እኮ ድንገት ነው» አለችኝ፣ ጥፋቷን እንደምታስረዳ ሆና። ምሳ ዕቃዋን ስከፍት ምግቧን አልነካችውም።

እኛ ቤት ከራት በፊት ይጸለያል። ሕጉ ከወጣ ጀምሮ ጸሎቱን በአማርኛ የሚያደርሰው ባለቤቴ ነው፤ የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚያነብ ነው የሚመስለው። ሽማግሌ ቤት ውስጥ ካለ ግን የሚጸልየው ሽማግሌው ነው፤ በየትኛው ቋንቋ ይጸልዩ ብሎ የሚያዝዝ ደግሞ ገና አልተወለደም። ያን ምሽት አባቴ ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ። በሀዲይኛ ለዝናቡ ጸለዩ፣ ለላሟ ጸለዩ፣ ለባለቤቴ ሥራ ጸለዩ፣ ለእኔ ጸለዩ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና «የዚህችን ልጅ አፍ ክፈትልኝ» አሉ።

«አሜን» ብለን አባቴ እንደተቀመጡ ልጄ ተነሣች። ከቦርሳዋ ካርዱን አወጣች። ሄዳ በአያቷ አንገት ላይ አጠለቀችው።

አባቴ ጎንበስ ብለው ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለውን አዩት። ወደ መብራቱ አዙረው በጣታቸው ፊደሎቹን ዳሰሱ። «ለእኔ ነው? ራስሽ ነሽ የጻፍሽው?» አሏት። ፊታቸው በራ። እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጭነው ይመርቋት ጀመር፤ እደጊ፣ ተማሪ፣ ያሰብሽው ይሙላ፣ እኔን እንዳከበርሽ የሚያከብርሽ አትጪ። ባለቤቴ ወለሉን ያያል። ተነሥቼ ካርዱን ላወልቅ እጄን ስሰድ አባቴ ክሩን ጨብጠው «ተይ፣ የእኔ ነው» አሉኝ።

ልጄን ተከትዬ መኝታ ቤት ገባሁ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ታለቅሳለች። «እማ፣ ሲናገሩ ሰማኋቸው እኮ» አለችኝ። «ሕጉ እኮ እንደዚያ ነው የሚለው።» ልቆጣት አልቻልኩም። ምን ብዬ? ያስተማሯትን ነው ያደረገችው፤ አንዲትም ነገር ሳትስት።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ካርዱን ከላይ አድርገው፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጎረቤቴ ወንፊት ልትዋስ መጣች። አየችው፣ አነበበችው፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፣ ወንፊቱንም ሳትወስድ ተመለሰች። አባቴ ዞረው አዩኝ።

«ምን አሳቃት?»

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ካርዱ ምን እንደሚል፣ ማን እንዳወጣው፣ ልጅቷ ለምን ዝም እንደምትላቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ ካርዱን በእጃቸው ገልብጠው አዩት።

«አልተቀየመችኝም ማለት ነው» አሉ መጀመሪያ።

«አልተቀየመችዎትም፣ አባዬ።»

«ለእኔ ባትሰጠኝ ኖሮ እሷ ነበረች ሰኞ የምትቆመው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አንገቴ ላይ ይቆይ» አሉ።

ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ሲቁነጠነጥ ዋለ። ማምሻውን ከፊታቸው ቆሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ሳምንት በኋላ በሀዲይኛ፣ «አባባ፣ እባክዎ ያውልቁት፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን ሰው ያየዎታል፣ ያሳፍራል» አላቸው። አባቴ ቀና ብለው አዩት። «ለልጅ ሲሆን ያላሳፈረ ለእኔ ለምን ያሳፍራል?» አሉት። እሑድ ካርዱን ኮታቸው ላይ አድርገው አመለኩ። ማንበብ የሚችለው ሁሉ አንብቦ ዓይኑን ወደ መዝሙር መጽሐፉ መለሰ። አንድም ሰው ደፍሮ «ምንድን ነው?» አላላቸውም፤ ልጆቹን ወደዚያው ትምህርት ቤት የሚልከው ስንቱ ነበር!

ሰኞ ጠዋት አባቴ ከልጅቱ ቀድመው ተነሡ። «እኔ ነኝ የማደርሳት» አሉ። ባለቤቴ ጫማቸውን ጠርጎ አቀረበላቸው፤ ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ከኋላ ተከተልኳቸው። ጉልበታቸው ስለማያራምዳቸው ባጃጅ ልያዝ ብላቸው እምቢ አሉ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በአንድ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን ይዘው፣ ካርዱ ደረታቸው ላይ እየተወዛወዘ ዳገቱን ወጡ። ልጄ መሬት መሬቱን እያየች ነበር የምትሄደው። መንገድ ላይ ስለ ግልገሏ ሲነግሯት ሰማሁ፤ እሷ ዝም አለች፣ እጃቸውን ግን አልለቀቀችም።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል። አስተማሪዋ በሩ አጠገብ ቆማ የሚገባውን ትቆጣጠራለች። ልጄን አየቻትና «ካርዱ የታለ?» አለቻት።

ልጄ ወደ አያቷ አመለከተች።

አስተማሪዋ ደረታቸውን አየች። አነበበችው። የፊቷ ቀለም ተለዋወጠ፣ አፏን ከፈተች፣ ልታስረዳ ይሁን ልትቆጣ አላውቅም። አባቴ ጊዜ አልሰጧትም። ከዘራቸውን ወደ ክንዳቸው አዛወሩና እጃቸውን ዘረጉላት፤ በሀዲይኛ ሰላምታ ጀመሩ። እንዴት አደርሽ ልጄ? የማን ልጅ ነሽ? የፎንቆ? አባትሽ በሕይወት አሉ? እናትሽስ? ዝናቡ ወደ እናንተ እንዴት ነው? ያስተማርሽው ይባረክልሽ፣ የልጅ እናት ያድርግሽ።

የእኛን አገር ሰላምታ ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ሽማግሌ እጁን ሰጥቶ ሲጠይቅ መሃል ላይ አይቆረጥም። እጁ አይለቀቅም። ጎንበስ ተብሎ፣ ቀኙን እጅ በግራ ደግፎ፣ የተጠየቀው አንድ በአንድ ይመለሳል፣ ለምርቃቱ አሜን ይባላል። በሌላ ቋንቋ መመለስ ፊት እንደማዞር ነው። ያችን አስተማሪ ያሳደጓት ሰዎች ይህን አስተምረዋታል፤ ከየትኛውም ሥልጠና በፊት። ጎነበሰች። እጇን ደገፈች። በሀዲይኛ መለሰች። «አባቴ ደህና ናቸው፣ እናቴ ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል፣ ዝናቡ መልካም ነው፣ አሜን፣ አሜን» አለች። ድምፅዋ ስብሰባ ላይ የሰማሁት ያ ደረቅ ድምፅ አልነበረም። ለስላሳ ነበር፣ የቤት ልጅ ድምፅ ነበር።

እኔ ንዴቴን ለማውጣት ስንት ቃል አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። እዚያ ቆሜ አንዱም አልታወሰኝም። ሕጉንም ረስቼው ነበር። ልጄ ግን አልረሳችውም።

የአያቷን እጅ ለቀቀች። ተንጠራርታ ክሩን በቆባቸው ላይ አሳልፋ አወለቀችው። እንደ ደንቡ በሁለት እጇ ይዛ ወደ አስተማሪዋ ዞረች።

«ቲቸር» አለች፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማት ጮክ ብላ፣ «አሁን የቲቸር ተራ ነው።»

ልጆቹ በሙሉ ዞሩ። አስተማሪዋ የአባቴን እጅ ገና አልለቀቀችም፣ እንደጎነበሰች ነበረች። ልጄ ለማጥለቅ መንጠራራት እንኳ አላስፈለጋትም።